ማሽኑ የማን ነበር?

ወንድሜ የደወለልኝ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ሱብሒ ሰግጄ መስገጃዬን እያጣጠፍኩ ነበር። "ማሽኑ ወደቀ" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ አይሱዙው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ማሰሪያው ተበጥሶ የሊጥ ማቡኪያው በጎኑ ተገልብጧል። ሹፌሩ የላከለትን ፎቶ ወዲያው ወደ እኔ አሳለፈው። ገንዳው በአንድ በኩል ተጨርምቷል። የሞተሩ ሽፋን ተሰንጥቋል። ከሥሩ ጥቁር ዘይት ወደ ካርቶኑ ይሰርጋል።

"360,000 ብር ገደል ገባ" አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

"ማሽኑ የማን ነው?" አልኩት።

"እንዴት የማን ነው? የኔ ነዋ!"

"የሽያጭ ውሉን ፈርመሃል?"

ትንሽ ዝም አለ። "ደሴ ሲደርስ አይተህ ትፈርማለህ ብለሽኝ የለ እንዴ?"

"እንግዲያው አብሽር። ገና ያንተ አይደለም፣ የባንኩ ነው።"

ያቺን ጠዋት ደጋግሜ አስባታለሁ። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ስለ ከወለድ ነፃ ባንክ አንብቤያለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬያለሁ፣ ስብሰባም ተቀምጫለሁ። ነገሩ አጥንቴ ድረስ የገባኝ ግን ያን የተገለበጠ ማሽን ስልኬ ላይ ሳይ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ወንድሜ ደሴ ውስጥ ዳቦ ቤት አለው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ቀረ። ምጣዱ፣ ማቡኪያው፣ ሚዛኑ ሳይቀር ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁለት ልጆች ጋር ሆኖ ሊጡን በእጁ ነው ያቦካው። ኩንታል ዱቄት በእጅ ማቡካት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ማታ ማታ ትከሻውን ቅባት እያሸው እንቅልፍ የሚያጣበት ጊዜ ነበር። ማሽን ያስፈልገው ነበር፣ ብር ግን የለውም፣ ወለድ ደግሞ አይነካም። አባታችን ያሳደገን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጥ አንድ ቅርንጫፍ አብረን ሄድን። ጥር 2016 ነበር።

ባለሙያው ትሁት ልጅ ነው፣ በአክብሮት ነው ያስተናገደን። ሻይ አስመጣልን። ከዚያ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንደኛው ወንድሜ ማሽኑን ባንኩ ከገዛለት እንደሚወስደው ቃል የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ማሽኑን መረከቡን የሚያረጋግጥ ነው። ሦስተኛው የሽያጭ ውሉ። ሦስቱም ላይ የቀን ቦታው ባዶ ነው። "እዚህ፣ እዚህና እዚህ ይፈርሙ፣ ቀኑን እኛ በኋላ እንሞላዋለን" አለ። ወንድሜ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። እጁን ያዝኩት።

"ማሽኑ የት ነው ያለው?" ስል ልጁን ጠየቅኩት።

"አዲስ አበባ፣ አስመጪው ጋ።"

"ባንኩ ገዝቶታል?"

"አልገዛውም፣ እርስዎ ሲፈርሙ ነው ክፍያው የሚለቀቀው።"

"ታዲያ ያልገዛችሁትን ማሽን እንዴት ትሸጡልናላችሁ? ያልመጣ ማሽንስ እንዴት ተረከብኩ ብሎ ይፈርማል?"

ልጁ አልተቆጣም። ግራ ገባው እንጂ። "ሁሉም ደንበኛ እንደዚህ ነው የሚፈርመው፣ እንዳይመላለሱ ብለን ነው" አለኝ። ለደንበኛው አስቦ ያደረገው ነው፣ ይህን አልጠራጠርም። ግን በዚያች እንዳይመላለሱ በምትል ደግነት ውስጥ ነው ነገሩ ሁሉ የሚጠፋው።

ይህ ዓይነቱ ውል ሙራባሃ ይባላል። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ዕቃ የሚፈልግ ሰው ባንኩ ጋ ይሄዳል። ባንኩ ዕቃውን ከነጋዴ በራሱ ስም ይገዛል። ከዚያ በስንት እንደገዛው ሳይደብቅ ነግሮ፣ የሚያተርፈውንም ነግሮ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። የኛ ማሽን 360,000 ብር ነው። ባንኩ 72,000 ብር ያተርፋል። ድምሩ 432,000፣ በ24 ወር ሲካፈል በወር 18,000 ብር።

ይሄኔ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል፣ ታክሲ ውስጥ ይጠየቃል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃል። "72,000ው ያው ወለድ አይደል? ስሙን ቀይረውት ነው እንጂ!" እኔ በዚህ ጥያቄ ተናድጄ አላውቅም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ቁርኣን ውስጥ ራሱ አለ። ሱረቱል በቀራ ቁጥር 275 ላይ፣ ሰዎች "ንግድ እኮ እንደ አራጣ ነው" ማለታቸው ይወሳና አላህ ንግድን እንደፈቀደ፣ አራጣን ግን እርም እንዳደረገ ይነገራል። ከ1,400 ዓመት በፊት የመካና የመዲና ነጋዴም ያኔ ያው አይደል ወይ ብሎ ነበር ማለት ነው።

በካልኩሌተር ካየነው በእርግጥ ያው ሊመስል ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ስማር የፋይናንሺያል ማኔጅመንት የመጀመሪያ ትምህርት የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ነበር። የዛሬ 100 ብር ከዓመት በኋላ ካለው 100 ብር ይበልጣል፣ ስለዚህ አበዳሪው ለጊዜው ዋጋ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ኢስላም ይህን የማይቀበል ይመስለዋል። አብዛኞቹ የፊቅህ (የኢስላም ሕግ) ሊቃውንት ግን በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጠው ቢወደድ ችግር የለውም ይላሉ። ጊዜ የዕቃ ዋጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተከለከለው ብር ራሱ እንደ ዕቃ ተሸጦ፣ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይነካው፣ ምንም አደጋ ሳይሸከም ብር እንዲወልድ ማድረግ ነው። አማርኛችን ወለድ ብሎ ሲጠራው ልክ ነው፣ ብር ብርን ወለደ ማለት ነው።

ስለዚህ ልዩነቱ ያለው 72,000ው ላይ አይደለም። ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ለወንድሜ እስኪሸጥለት ድረስ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሽኑ የባንኩ ንብረት ነው። ቢቃጠል የተቃጠለው የባንኩ ነው። ቢሰረቅ የተሰረቀው ባንኩ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቢወድቅ የባንኩ ማሽን ነው የወደቀው። ነብዩ ﷺ የሌለህን አትሽጥ ብለዋል። ያ ትርፍ ሀላል የሚሆነው ባንኩ በዚያች አጭር ጊዜ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ልቡ አብሮ ስለሚሰቀል ነው። ሦስቱ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ቀኑ ባዶ ሆኖ ከተፈረመ ግን ያች ጊዜ የለችም። ያኔ ጠያቂው ልክ ነው፣ ያው ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች መልሰን፣ ቃል የገባበትን ብቻ ፈርመን ወጣን። ባለሙያው ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ ትንሽ ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ ባንኩ ለአስመጪው በራሱ ስም ከፍሎ፣ መኪናውን ራሱ ተከራይቶ ደሴ እንዲያስረክብ ተስማማን። ወንድሜ መንገድ ላይ "ሰውየውን አስቸገርሽው፣ ለፊርማ ብለን ደግሞ ሳምንት ልንጠብቅ ነው" እያለ አጉረመረመብኝ። ከሳምንት በኋላ ነው እንግዲህ በጎህ የደወለልኝ።

---

አባታችን ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ አቡጀዲ፣ የብርድ ልብስ፣ ሳሙና። ብሩን ባንክ ያስቀምጥ ነበር፣ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ስለሚያስፈራ። የነበረው የቁጠባ ሂሳብ ነው፣ ወለድ ይታሰብበታል። በየዓመቱ ደብተሩን ይዞ ይሄድና ገንዘብ ከፋዩን "ልጄ፣ ስንቱ ነው ወለዱ?" ይለዋል። ያችን ለይቶ ያወጣና ለተቸገረ ይሰጣታል። "ሰደቃ አትበሉት፣ እኔ መች ሰጠሁ፣ ያልሆነኝን ነው ከቤቴ ያስወጣሁት" ይለን ነበር። በዚህ ዓይነት ስንት ሙስሊም ነጋዴ ብሩን ያለ ጥቅም አስቀምጦ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ባንክ ሳይገባ ፍራሽ ሥር ሸሽጎ እንደኖረ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ግን ይኸው አባቴ ስለ ኢስላማዊ ባንክ አንድም መጽሐፍ ሳያነብ ሙዷረባን ያውቀው ነበር። በጎችን ለርቢ ይሰጣል። በኛ አገር ርቢ የማያውቅ የለም። በጓ ያንተ ናት፣ ጠባቂው ሌላ ሰው ነው፣ ሣሩንና ልፋቱን እሱ ያመጣል፣ ግልገሉን ትካፈላላችሁ። አንድ ቀን፣ ልጅ ሆኜ፣ ከገጠር አንድ ሰው የበግ ቆዳ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ቆዳው ገና ርጥብ ነው፣ ሽታው ሱቁን ሞላው። በጓ ታማ ሞታለች። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ነው የሚያወራው። አባቴ ቆዳውን ዘረጋ። ጆሮው ላይ ያለችውን ምልክት አየ። ቁስል፣ የጅብ ጥርስ፣ የቢላ መግቢያ ካለ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ "የአላህ ነው፣ አንተም ልፋትህ ቀረ፣ እኔም በጌ ቀረች" አለውና ቡና አስፈላለት።

ሙዷረባ ይኼው ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ያመጣል፣ ሥራ የሚያውቀው ሥራውን ያመጣል። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፣ ለምሳሌ ከ100 ብር ትርፍ 60ው ለባለ ገንዘቡ፣ 40ው ለሠሪው። ድርሻው የሚታሰበው ከትርፉ ነው፣ ከዋናው ገንዘብ አይደለም። ኪሳራ ከመጣ ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን ያጣል፣ ሠሪው ድካሙን ያጣል። ሠሪው አጥፍቶ ወይ ቸል ብሎ ከሆነ ግን ይከፍላል። ቆዳው የሚመጣው ለዚህ ነው። ሰውየው በጓን ሸጧት ወይም አርዶ በልቷት ቢሆን ኖሮ አባቴ ቡና አያስፈላለትም ነበር። (ፊቅህ የተማሩ ሰዎች በእንስሳ ላይ ሙዷረባ ይሆናል አይሆንም በሚለው እንደሚለያዩ አውቃለሁ። እኔ ስለ አሳቡ ነው የማወራው።)

እንግዲህ ከወለድ ነፃ ባንክ ውስጥ የኢንቨስትመንት ሂሳብ ከፍተህ ብር ስታስቀምጥ አንተ የአባቴ ቦታ ላይ ነህ፣ ባንኩ ደግሞ በግ ጠባቂው ነው። ይህን ብዙ አስቀማጭ አያውቀውም። የአማና ሂሳብ ሌላ ነው፣ እዚያ ባንኩ ብርህን ይጠብቅልሃል፣ በጠየቅከው ጊዜ ሙሉውን ይመልሳል፣ ትርፍም አይጠበቅም። የሙዷረባው ግን ትርፍም አለው፣ ኪሳራም አለው። ታዲያ ባንኮቻችን ለአስቀማጩ ቆዳውን ያሳዩታል ወይ? ብሩ የት ገባ፣ ስንቱ ለሙራባሃ ዋለ፣ ስንቱ ለኪራይ፣ ድርሻው እንዴት ተሰላ፣ ይህን ቁጭ አድርጎ የሚነግረው አለ ወይ? እኔ ያየሁት ብዙውን ጊዜ ስልክ ላይ የሚመጣ አንድ መስመር መልእክት ነው፣ ይህን ያህል ትርፍ ገቢ ሆኖልዎታል የሚል። በጣም ያንሳል። ወለድ የሚከፍል ባንክ የት እንዳዋለው ባይነግርህ ቢያንስ ቃል የገባልህ መጣኔ አለ። ኪሳራህን የምትካፈለው ባንክ ግን ቆዳውን የማሳየት ግዴታ አለበት።

---

የዚህ ነገር ዘመናዊ ታሪክ የሚጀምረው አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ መሆኑ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. 1963 ግብፅ ውስጥ፣ በአባይ ደልታ ያለች ሚት ገምር የምትባል ከተማ ላይ፣ አሕመድ አል ነጃር የሚባል ጀርመን አገር የተማረ የኢኮኖሚ ባለሙያ የቁጠባ ባንክ ከፈተ። ጀርመን ያየውን የመንደር ቁጠባ ባንክ ከወለድ አውጥቶ ለገበሬው አመጣለት። ባንኩ ራሱን ኢስላማዊ ብሎ አልጠራም። ከጥቂት ዓመት በላይም አልቆየም፣ መንግሥት ወደ ሌላ ባንክ ጠቀለለው። አሳቡ ግን ተረፈ። እ.ኤ.አ. 1975 የኢስላማዊ ልማት ባንክ ጅዳ ላይ፣ የዱባይ ኢስላማዊ ባንክም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመሩ።

ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ለብሔራዊ ባንክ በዚህ ጉዳይ መመሪያ የማውጣት መንገድ ከፈተለት። መመሪያው እ.ኤ.አ. 2011 ሲወጣ ግን መደበኛ ባንኮች መስኮት፣ ማለትም በውስጣቸው ከወለድ ነፃ የሆነ ክፍል፣ እንዲከፍቱ ብቻ ነበር የፈቀደው። ራሱን የቻለ ባንክ ለማቋቋም አክሲዮን ሲሸጥ የነበረው ዘምዘም ባለበት ቆመ። ያኔ አክሲዮን የገዙ ዘመዶች ነበሩኝ፣ ፊታቸው ላይ የነበረውን ተስፋ መቁረጥ አልረሳውም። ከ2013 ጀምሮ፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ንግድ ባንክም ገባበት። ሙሉ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በ2019 ነው። ዘምዘም በ2021 በሩን ከፈተ፣ ከዚያ ሂጅራ፣ ከዚያ ሌሎቹ መጡ። አባቴ ይህን ሳያይ ሄደ፣ አላህ ይዘንለት።

በመስኮት የሚሠራ ባንክ ላይ አንድ ትልቅ የሂሳብ ሥራ አለ። ከወለድ ነፃው ብር ከሌላው ብር ጋር እንዳይቀላቀል መዝገቡ ለብቻ ይያዛል። ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሁለቱ ኪሶች ያሉት አንድ ኮት ላይ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ለባሹም አንድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲመጣ ለየትኛው ይሰጣል? የሕንፃው ኪራይ፣ የጥበቃው ደመወዝ ከየትኛው ኪስ ይወጣል? ሂሳብ የሠራ ሰው ወጪ ማከፋፈል ላይ ስንት ነገር እንደሚደበቅ ያውቃል። ስለዚህ ሙሉ ባንኮች መምጣታቸው ለእኔ የስም ጉዳይ አልነበረም።

ሙሉዎቹም ቢሆኑ ራስ ምታት አላቸው። መደበኛ ባንክ ዛሬ ገንዘብ ቢያጥረው ከጎረቤቱ ባንክ ለአንድ አዳር በወለድ ይበደራል። ትርፍ ገንዘብ ካለው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበታል። ከወለድ ነፃው ሁለቱንም አይችልም። ስለዚህ ቢያጥረኝስ ብሎ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ብር ደግሞ አይሠራም። ማሌዥያ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. 1994 ላይ ኢስላማዊ ባንኮች ያለ ወለድ የሚገናኙበትን ገበያ ከፈተች፣ ባህሬን በ2001 የመንግሥት ሱኩክ አወጣች። ሱኩክ ማለት ዕዳ ላይ ሳይሆን ንብረት ላይ ያለ ድርሻ ነው፣ ኪራዩን ወይም ትርፉን ትካፈላለህ። እኛ አገር ስንት መንገድ፣ ስንት ግድብ በሕዝብ መዋጮና በቦንድ ተሠርቷል። ሱኩክ ቢኖር አባቴን የመሰለው ሁሉ ፍራሹን ገልብጦ ብሩን ያወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ራስ ምታት ትርፍ ማመጣጠን ነው። ዘንድሮ ባንኩ ጥሩ አተረፈ፣ ከርሞ ግን ቀዘቀዘ። የአስቀማጩ ድርሻ ሲቀንስ አስቀማጩ ብሩን ነቅሎ ወለድ ወዳለበት ይሄዳል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ባንኩ በጥሩው ዓመት ትርፍ ቀንሶ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ በመጥፎው ዓመት ከዚያ ይሞላል፣ አንዳንዴም የራሱን ድርሻ ይተዋል። ከፋይናንስ አያያዝ አንፃር ብልህነት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን እንዲህ እየተለሳለሰ ሲሄድ አስቀማጩ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ማየት ይለምድና ኪሳራ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል። አባቴ በጓ እንደምትሞት አውቆ ነው የሰጠው።

ተወሩቅ የሚባል አሠራርም አለ። ብር የሚፈልግ ሰው ባንኩ ብረት ወይም ዘይት በዱቤ ይሸጥለታል፣ ወዲያው ባንኩ ራሱ ወክሎት ለሌላ ይሸጥለታል፣ ሰውየው እጁ ላይ ጥሬ ብር፣ አንገቱ ላይ የበለጠ ዕዳ ይቀራል። ብረቱን ያየው የለም። ማሌዥያ ውስጥ በብዛት ይሠራበታል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. 2009 ላይ እንዲህ ተቀነባብሮ የሚሠራው አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። እኔ ከጉባኤው ጋር ነኝ። ማንም ያላየው ብረት፣ ማንም የማይሸከመው አደጋ፣ ያ ባዶ ቀን ያለበት ወረቀት ነው ለእኔ። እኛ አገር ስር ሳይሰድ ባንኮቻችን እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ።

---

ወደ ማሽኑ ልመለስ። በዚያው ጠዋት ወንድሜ ቅርንጫፉ ጋ ሄደ። ያ ትሁት ልጅ ደንግጦ "የርስዎ ዕቃ ስለሆነ ከትራንስፖርቱ ጋር ይነጋገሩ" አለው። ወንድሜ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ "የሽያጭ ውሉ የታለ?" እላለሁ። ሥራ አስኪያጁ መጡ። እሳቸውም "ደንበኛው አዞ ነው የተገዛው፣ ቃል ገብቷል" አሉ። ቃል ገብቷል፣ ልክ ነው። ደህና ማሽን ለመግዛት ነው ግን ቃል የገባው።

በመጨረሻ ለሸሪዓ አማካሪዎቹ ይቅረብ ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ኡስታዝ ራሳቸው ደወሉልኝ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ባንኩ መቼ ከፈለ፣ መኪናውን ማን ተከራየው፣ ወንድሜ ምን ምን ፈረመ። መለስኩላቸው። "ጥያቄ የለውም እህቴ፣ ማሽኑ የባንኩ ነው" አሉኝ። "ወንድምሽ ሊወስደው አይገደድም። ባንኩ ጠግኖ ደህና አድርጎ ካቀረበለትና ከወደደው ይግዛው።" ከዚያ ትንሽ ቆይተው የተናገሩት ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው። "ሦስቱንም ፈርማችሁ ቢሆን ኖሮ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም ነበር።"

ባንኩ ሞተሩን ቀየረው። ገንዳው ተደብድቦ ተቃና። የጥገናውን ወጪ ራሱ ቻለ፣ ወንድሜ ላይ አንድ ብር አልጨመረም፣ ያው 432,000 ነው። ወንድሜ ማሽኑ ደሴ ደርሶ፣ ግማሽ ኩንታል ዱቄት ጨምሮበት፣ ሊጡ ሲዞር ቆሞ አይቶ፣ ከዚያ ፈረመ። ቀኑን በራሱ እጅ ጻፈው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን መንግሥት የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ብሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ክፉኛ ወረደ። የማሽን ዋጋ ሰማይ ወጣ። የወንድሜ ክፍያ ግን 18,000 ነበር፣ 18,000 ሆኖ ቀጠለ። አንድ ጊዜ የተሸጠ ዕቃ ዋጋው አይነካም። በወለድ ብድር ውል ላይ ግን ባንኩ መጣኔውን ሊያሻሽል ይችላል የምትል አንቀጽ ማግኘት የተለመደ ነው። ባንኩ እዚህ ላይ ተጎድቷል፣ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ዋጋ በሚንርበት አገር ለረጅም ጊዜ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ባንክ በየወሩ የሚገባለት ብር እያደር ይቀልበታል። ለዚህ ነው ሙራባሃው አጭር አጭር የሆነው፣ ለዚህም ነው ባንኮቹ ወደ ሽርክናና ወደ ኪራይ ካልሄዱ የሚቸገሩት።

ክረምት ላይ ዱቄት ጠፍቶ ወንድሜ የሁለት ወር ክፍያ አሳለፈ። ባንኩ ደውሎ ጠየቀው፣ ምክንያቱን አስረዳ። ለማዘግየት የሚከፈል ቅጣት አለ፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ግን ያ ቅጣት የባንኩ ትርፍ ውስጥ አይገባም፣ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው። ቅጣቱ እያለው ሆን ብሎ ለሚያጓትት ሰው ነው። የተቸገረን ሰው በተመለከተ ያው ሱረቱል በቀራ ቁጥር 280 ላይ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ስጡት ይላል። ወንድሜን ጠበቁት፣ ቅጣትም አልጠየቁትም። ሁለተኛ ጊዜ ሲያመሰግናቸው የሰማሁት ያኔ ነው።

ያ ወጣት ባለሙያ አሁንም እዚያው ቅርንጫፍ ነው። ባለፈው ደሴ ስሄድ ጎራ ብዬ ሰላም አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፋይል አሳየኝ። የሽያጭ ውሎቹን ለብቻ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ዕቃው ደርሶ ደንበኛው ሳያየው ከመሳቢያ አላወጣቸውም አለኝ። ደንበኞቹ ምልልሱን ይማረሩበታል። "ይማረሩ" አለ።

የ2017 ረመዳን ላይ ወንድሜ ጋ ነበርኩ። ከተራዊሕ በኋላ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ ለዘካ፣ በየዓመቱ ከሀብት ለድሃ ለሚወጣው ግዴታ፣ ቆጠራ ጀመርን። አባታችን በየረመዳኑ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ፋኖስ ይዞ፣ ጣቃውን በክንዱ እየለካ፣ ስኳሩን በሚዛን እያስቀመጠ። ልጅ ሆኜ ደብተሩን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የሂሳብ ሥራ የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል። ብዙ ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳን ያለውን በትክክል አያውቅም፣ አባቴ ግን ዘካ ስላለበት ያውቅ ነበር።

የዱቄቱን ኩንታል ቆጠርን። እርሾ፣ ዘይት፣ ስኳር ጻፍን። መሳቢያና ባንክ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ደመርን። ከካፌዎቹ የሚሰበሰበውን ዱቤ፣ ይመጣል ብሎ የሚያምነውን ብቻ ጨመርን። ከዚያ ለዱቄት ነጋዴው የሚከፍለውንና ለባንኩ የደረሰውን የአንድ ወር ክፍያ ቀነስን። ሙሉውን ቀሪ ዕዳ ቀንሱ የሚሉ ዓሊሞች አሉ። ወንድሜ ግን "የደረሰውን ብቻ" አለ። የተጣራው 417,000 ብር ሆነ። ዘካ የሚጀምርበት መጠን በወርቅ ቢለካ 85 ግራም ነው፣ በዚያ ሰሞን የወርቅ ዋጋ የእሱ ሀብት አይደርስም። በብር ማዕድን ቢለካ ግን 595 ግራም ነው፣ እሱን ደግሞ አልፏል። አየኝ። "ለድሃው በሚጠቅመው ነው" አለ። ከመቶ ሁለት ተኩል፣ 10,425 ብር።

"ማሽኑስ አይቆጠርም?" አለኝ፣ እጁን ገንዳው ላይ አሳርፎ። ያቺ የተቃናችው ጎን አሁንም ትንሽ ትጎረብጣለች።

"አይቆጠርም፣ መሥሪያ ነው እንጂ የሚሸጥ አይደለም።"

"እሺ" አለና ማብሪያውን ተጫነው። ለሱሑር የሚደርሰው ሊጥ መዞር ጀመረ።